የታመመው ትል፦ የአፈር ተባይን ያለ መርዝ የመከላከል ታሪክ

በጓሮ አትክልት ላይ ከሚደርሱት ተባዮች መካከል በአፈር ውስጥ የሚኖሩት ከሌሎቹ የሚለዩት በጉዳታቸው ብዛት ሳይሆን በመሰወራቸው ነው። ቅጠል የሚበላ ትል በዓይን ይታያል፣ በእጅም ይለቀማል፤ ሥር የሚበላው ግን መኖሩ የሚታወቀው ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ነው። ትናንት ቆሞ የታየ የጎመን ችግኝ ዛሬ ይጠወልጋል፣ ውኃ ቢጠጣም አያገግምም፣ ሲነቀል ደግሞ ሥር አልባ ሆኖ ያለ ትግል ይወጣል፤ ሥፍራው ሲቆፈር እንደ ግማሽ ጨረቃ የተጠማዘዘ፣ ገላው ነጭ፣ ራሱ ቡናማ የሆነ ወፍራም ትል ይገኛል። ይህ ትል የጥንዚዛ እጭ ነው፤ እጭ ማለት አንድ ነፍሳት ከእንቁላል ወጥቶ ክንፍ እስኪያበቅል ድረስ የሚያሳልፈው የሕይወት ክፍል ነው። በዚያው አፈር ውስጥ ገላው ቀጭንና ጠንካራ በመሆኑ በአውሮፓ የሽቦ ትል የሚል ስም የወጣለት የሌላ ጥንዚዛ እጭ፣ እንዲሁም ቀን ከጓል ሥር ተጠቅልሎ ውሎ ሌሊት ችግኝን ከግንዱ የሚቀነጥሰው ቆራጭ ትል ይኖራሉ። ቆራጭ ትሉ ግን የጥንዚዛ ሳይሆን የእሳት እራት እጭ ነው።

የእነዚህ ተባዮች መከላከያ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው የመርዝ ታሪክ ሆኖ ነው፤ መርዝ ከመገኘቱ በፊት አትክልተኛው እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ፣ ከተገኘ በኋላም ችግሩ ሁሉ የተፈታ ይመስል። ነገር ግን መርዝ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከመቶ ዓመት ብዙም የማይበልጥ ምዕራፍ ሲሆን፣ ከእርሱ ቀድሞ የተጀመረና ከእርሱ ጎን ለጎን የተጓዘ ሌላ መንገድ ነበረ። ያ መንገድ የተከፈተው ለብዙ ዘመን ሲታይ የኖረው ጤነኛውና ወፍራሙ ትል ቀርቶ፣ እዚያው አጠገቡ ሞቶ የተገኘው በሽተኛ ትል የሰው ዓይን በሳበ ጊዜ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በዛሬዋ ስዊዘርላንድ፣ በበርን ከተማ ዙሪያ ያሉ ማሳዎችና የአትክልት ሥፍራዎች የአገሩ ሰዎች ኢንገር ብለው በሚጠሩት የአፈር ትል ክፉኛ ተጎዱ። ትሉ የግንቦት ጥንዚዛ እጭ እንደ ነበረ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማሙበታል፤ ጥንዚዛው ይህ ስም የወጣለት ከአፈር ወጥቶ የሚበርበት ጊዜ በአውሮፓ ግንቦት ወር ገደማ በመሆኑ ነው። በ1478 እና በ1479 ጉዳዩ ወደ ሎዛን ጳጳስ ወደ ቤኔዲክት ዘሞንፌራን ቀረበና ጳጳሱ ትሎቹ በቤተ ክህነት ፍርድ ቤት እንዲከሰሱ ፈቀደ። መጥሪያው በሕዝብ ፊት ተነበበ፣ ተከሳሾቹ የሚቀርቡበት ቀንና ሰዓት ተወሰነ፣ ባለመቅረባቸውም ስለ እነርሱ የሚናገር ጠበቃ ቆመላቸው። በክሱ ከተነሡት ነጥቦች አንዱ እነዚህ ፍጥረታት በኖኅ መርከብ ውስጥ አልነበሩም የሚል ነበር። ፍርዱ ውግዘት ሆነ፤ ትሎቹ ግን ከሥፍራቸው አልተነቃነቁም፤ የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊም ይህንን የሕዝቡ ኃጢአት ያመጣው ነገር አድርጎ መዘገበው።

ለዛሬ አንባቢ ይህ ሥርዓት የሚያስቅ ቢመስልም ለዘመኑ ሊቃውንት ግን ብርቱ የሕግ ጥያቄ ነበር፤ ፈረንሳዊው የሕግ ሰው በርተሎሚ ሻስኔ በ1531 ባሳተመው የሕግ ምክሮች መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ያስቀመጠው ጉዳይ ነፍሳት በቤተ ክህነት ሊወገዙ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ነበር። ከዚህም ሌላ ውግዘቱ አንዳንድ ጊዜ የሠራ የሚመስልበት ምክንያት በትሉ አኗኗር ውስጥ ነበረ። የግንቦት ጥንዚዛ እጭ በአፈር ውስጥ እንደየአገሩ ሙቀት ሦስት ወይም አራት ዓመት ይቆያል፤ በአንድ አካባቢ ያሉት አብዛኞቹ እኩል ስለሚያድጉም ጉዳታቸው በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት እየበረታ ሄዶ፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ክንፍ አውጥተው ሲሄዱ በአንድ ጊዜ ይቆማል። ውግዘቱ ከዚህ መጨረሻ ጋር ከተገጣጠመ ትሉ የጠፋው በጳጳሱ ቃል እንደ ሆነ ማንም አይጠራጠርም፤ ውግዘቱ ቀደም ብሎ ከተነገረ ደግሞ ጥፋቱ የኃጢአተኛው ሕዝብ ይሆናል።

እንዲህ ያለው ሥርዓት ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋርም በአንድ ሥፍራ ይገናኛል። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል አገር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ፣ በ1540 በሊዝቦን በታተመው መጽሐፉ ውስጥ በሰሜኑ ክፍል፣ በባሕረ ነጋሹ ግዛት የአንበጣ መንጋ ባጋጠመው ጊዜ የሆነውን ይተርካል። የአገሩ ካህናት ታቦታቸውን ይዘው ከሕዝቡ ጋር በምህላ ወጡ፤ አልቫሬስም ጥቂት አንበጦች ተይዘው እንዲመጡለት አድርጎ በሦስት ሰዓት ውስጥ ወደ ባሕር ወይም ለክርስቲያን ወደማይጠቅም ምድረ በዳ እንዲሄዱ የሚያዝዝ ግዝት አነበበባቸውና፣ መልእክቱን ለሌሎቹ እንዲያደርሱ ለቀቃቸው። መንጋው መሄድ እንደ ጀመረና ከዚያ የመጣው ዝናብና በረዶ እንደ ፈጀው ጽፏል። አንበጣ የአፈር ተባይ አይደለም ቢባልም እንቁላሉን የሚቀብረው በአፈር ውስጥ ነው፤ የአንበጣ ታሪክ ከአፈር ትል ታሪክ ጋር እንደገና የሚገናኝበት ጊዜም ወደ ኋላ ይመጣል።

ቤተ ክህነት በግዝት ስትከራከር በጓሮው ውስጥ የእጅ ሥራ አልተቋረጠም ነበር። የአውሮፓ አትክልተኞች በመከር ወቅት አፈሩን ገልብጠው ትሉን ለብርድና ለወፍ ያጋልጡ ነበር፤ በተገለበጠው አፈር ላይ ዶሮ ይለቁ ነበር፤ ድንች ወይም ካሮት ቆርጠው በእንጨት ሰክተው ይቀብሩና፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ በውስጡ ከተሰገሰጉት የሽቦ ትሎች ጋር አውጥተው ይጥሉት ነበር። ይህ የመጨረሻው ዘዴ ዛሬም ድረስ ይሠራበታል። ምክንያቱም በኋላ ዘመን ታወቀ፤ የሽቦ ትል ምግቡን የሚፈልገው ሥርና ዘር ሲተነፍሱ የሚያወጡትን የተቃጠለ አየር ተከትሎ ስለ ሆነ፣ የተቀበረው ቁራጭ ከሩቅ ይጠራዋል። በኢትዮጵያም ጎመን ዙሪያ አመድ መነስነስ፣ የምስጥ ኩይሳ ቆፍሮ ንግሥቲቱን ማውጣት፣ በሰሜን ሸዋ ደጋ ደግሞ ጓሉን ከእበት ጋር ከምሮ ማቃጠል የቆዩ ልማዶች ናቸው። ከነዚህ ሁሉ መከራከሪያ የሚሆነው የመጨረሻው ነው፤ እሳቱ አረምንና በአፈር ያለውን ተባይ ቢፈጅም የአፈሩን ብስባሽ አብሮ ስለሚያቃጥል፣ ከአንድና ከሁለት ምርት በኋላ መሬቱን ለረጅም ጊዜ ማሳረፍ ግድ ይሆናል።

በ19ኛው መቶ ዘመን መንግሥታት የእጅ ሥራውን ወደ ዘመቻ ለወጡት። በጀርመንና በፈረንሳይ የግንቦት ጥንዚዛ በሚበዛበት ዓመት ሕፃናት ሳይቀሩ ማለዳ ማለዳ ዛፍ እያራገፉ፣ ብርዱ ያደነዘዘውን ጥንዚዛ እየለቀሙ በሚዛን ያስረክቡና ሳንቲም ይቀበሉ ነበር፤ የተለቀመው ለዶሮና ለአሳማ መኖ ይሆን ነበር፣ ከእርሱ ሾርባ የሚሠሩ ቤቶችም አልጠፉም። በ1911 በጀርመን 18 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆን ደን ውስጥ ብቻ ከ20 ሚሊዮን የሚበልጥ ጥንዚዛ ተለቅሟል። ቁጥሩ የሰዎቹን ትጋት ቢያሳይም የዘዴውን ወሰንም ያሳያል፤ የሚለቀመው ከአፈር የወጣው እንጂ በአፈር ውስጥ የቀረው አይደለምና።

አዲሱ መንገድ የጀመረው በሐር ትል ነው። ጣሊያናዊው አጎስቲኖ ባሲ በ1835 የሐር ትልን በነጭ ዱቄት ሸፍኖ የሚገድለው በሽታ ከመጥፎ አየር ወይም ከምግብ የመጣ ሳይሆን በትሉ ገላ ላይ የሚያድግ ሻጋታ መሆኑን አስረዳ፤ ረቂቅ ተሕዋስያን በእንስሳ ላይ በሽታ እንደሚያመጡ ከተረጋገጠባቸው የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱም ይኸው ነው። የባሲ ሐሳብ ጠቃሚውን ትል ከበሽታ ማዳን ነበር። ነገሩን ገልብጦ ጎጂውን ትል በበሽታ ለመግደል በተግባር የሞከረው ግን በኦዴሳ የእንስሳት ጥናት መምህር የነበረው ኢሊያ ሜችኒኮፍ ነው። በ1870ዎቹ መጨረሻ በዚያ አካባቢ የስንዴ ጥንዚዛ ሰብሉን ሲያወድም ሜችኒኮፍ እጮቹን ከአፈር እያስቆፈረ መረመረ፤ ከሕያዋኑ መካከልም ገላቸው እንደ ጠመኔ የደረቀ፣ መጀመሪያ ነጭ ኋላም አረንጓዴ አቧራ የለበሱ ሙታን አገኘ። አቧራው የሻጋታ ስፖር ነበር፤ ስፖር ማለት ሻጋታ የሚራባበት፣ ከዱቄት ይልቅ የደቀቀ ዘር ነው። ግኝቱን በ1879 ያሳተመ ሲሆን፣ ሻጋታው በኋላ ሜታሪዚየም የሚለውን ስም አገኘ።

የዚህ ሻጋታ አሠራር ከመርዝ ጋር ሲነጻጸር ልዩ የሚያደርገው ትሉ እንዲበላው የማያስፈልግ መሆኑ ነው። ስፖሩ በትሉ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ በእርጥበት ይበቅላል፣ ቆዳውን በስቶ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ትሉ ከሞተ በኋላም ተመልሶ በቆዳው ላይ ያብብና አዲስ ስፖር ለአፈሩ ያበረክታል። ሜችኒኮፍ ስፖሩን ከቢራ ፋብሪካ በሚወጣ አተላ ላይ ማራባት እንደሚቻል አሰበ፤ ተከታዩ ክራሲልሽቺክ ደግሞ በ1884 በዩክሬን፣ በስሜላ ከተማ ትንሽ የማምረቻ ጣቢያ አቁሞ በአራት ወር 55 ኪሎ ግራም ያህል ስፖር አመረተ፤ በስኳር ቀይ ሥር ማሳ ላይ በሚገኘው ተባይ ላይ በትኖትም ከግማሽ በላይ የሚሆነውን እንደ ገደለ ተመዘገበ። ሜችኒኮፍ ራሱ ብዙም ሳይቆይ የነጭ የደም ሕዋሳትን ሥራ ወደ ማጥናት ዞሮ በ1908 የኖቤል ሽልማት ስላገኘ፣ የትሉ ነገር በሕይወት ታሪኩ ውስጥ በጥቂት መስመር የሚታለፍ ሆኖ ቀረ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ በፈረንሳይ የግንቦት ጥንዚዛን እጭ የሚገድል ሌላ ሻጋታ ለአትክልተኞች መሸጥ ተጀምሮ ነበር፤ ገዢው ግን በደረቅ አፈር ላይ፣ ምናልባትም ሕይወቱ ያለፈ ስፖር ስለሚበትን ውጤቱ አንድ ቦታ ሲሰምር ሌላ ቦታ ይከሽፍ ነበርና ንግዱ አልሰነበተም። ሕይወት ያለውን ነገር እንደ ጨው በከረጢት የማስቀመጥ ስሕተት በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ይታያል።

ሻጋታው ግን ፈጽሞ አልተረሳም። ከሜችኒኮፍ ግኝት 140 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ2020 የበረሃ አንበጣ የአፍሪካን ቀንድ በወረረ ጊዜ በሶማሊያ ከተረጩት መከላከያዎች መካከል የዚሁ የሜታሪዚየም ወገን የሆነ፣ አንበጣን ብቻ የሚያጠቃ ሻጋታ ነበረበት። አልቫሬስ የገዘተው መንጋ ዘር ማንዘር፣ በኦዴሳ ከታመመ የአፈር ትል ታሪኩ በሚጀምር ሻጋታ ተመታ ማለት ነው።

የዚህ ታሪክ ባለጸጋው ክፍል የሚገኘው በአሜሪካ፣ በኒው ጀርዚ ነው። በ1916 በሪቨርተን ከተማ አጠገብ በሚገኝ የችግኝ ጣቢያ አሥራ ሁለት ያህል የሚያብረቀርቁ፣ አረንጓዴና መዳብ መልክ ያላቸው ጥንዚዛዎች ተገኙ፤ በእጭነታቸው ከጃፓን በመጡ የአበባ ሥሮች ላይ ተጣብቆ በነበረ አፈር ውስጥ ተደብቀው፣ የተክል ቁጥጥር ሕግ በ1912 ከመውጣቱ በፊት እንደ ገቡ ይታመናል። የጃፓን ጥንዚዛ የተባለው ይህ ነፍሳት በአገሩ እምብዛም የማያስቸግር ሲሆን፣ ጠላቶቹን በኋላው ትቶ በገባበት ምድር ግን ከ300 በላይ የተክል ዓይነቶችን የሚበላ መቅሠፍት ሆነ፤ እጩም የሣርና የአትክልት ሥር እየከረከመ የየቤቱን ግቢ ሣር እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ እስኪነሣ ድረስ ከሥሩ ለየው። የመጀመሪያው መልስ መርዝ ነበር፤ የእርሳስና የአርሴኒክ ውሕድ የሆነ ዱቄት በሣር ሜዳ ላይ ተበተነ። እርሳስም ሆነ አርሴኒክ የሚበሰብስ ነገር አይደለምና በዚያን ጊዜ የተበተነው ዛሬም በብዙ የቆዩ የፍራፍሬ መሬቶች አፈር ውስጥ ይገኛል።

ከመርዙ ጎን ለጎን ግን የነፍሳት ሊቃውንት ሁለት ሥራ ጀመሩ። አንደኛው ወደ ጃፓን፣ ወደ ኮርያና ወደ ቻይና ሄዶ የጥንዚዛውን ጠላቶች ፈልጎ ማምጣት ነበር፤ ከመጡት መካከል ቲፊያ የተባሉ ጥቋቁር ተርቦች ለምደው ቀሩ። ሴቲቱ ተርብ አፈሩን ቆፍራ ገብታ፣ እጩን በመርፌዋ ለጥቂት ጊዜ አደንዝዛ እንቁላሏን በሆዱ ላይ ትለጥፋለች፤ ከእንቁላሉ የሚወጣው ግልገልም እጩን ቀስ በቀስ በልቶ ይጨርሰዋል። ሁለተኛው ሥራ የሞቱትን እጮች መልቀም ነበር፤ ይኸኛው ሁለት ግኝቶችን በአጭር ጊዜ ውስጥ አስገኘ።

በ1929 በሃደንፊልድ አጠገብ ከሚገኝ የጎልፍ ሜዳ የተቆፈሩ የሞቱ እጮች በሮክፌለር ኢንስቲትዩት የፕሪንስተን ክፍል ይሠራ በነበረው በሩዶልፍ ግላዘር እጅ ገቡ፤ በውስጣቸውም በሺህ የሚቆጠሩ ኔማቶዶች ተገኙ። ኔማቶድ ከፀጉር የቀጠነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ማጉያ መሣሪያ የማይታይ ክር መሰል ትል ነው፤ ከዓይነቶቹ መካከል የቲማቲምንና የካሮትን ሥር የሚያቆስሉ ስላሉ አትክልተኛ ስሙን በክፉ ብቻ ያውቀው ይሆናል፣ ይህኛው ግን የሚያጠቃው ነፍሳትን ነው። ግላዘር ኔማቶዱን ከእጭ ውጭ በሰው ሠራሽ ምግብ ላይ ማራባት የቻለ የመጀመሪያው ሰው ሲሆን፣ በ1930ዎቹ በኒው ጀርዚ በ73 የሙከራ ቦታዎች ላይ አፈሰሰው። ውጤቱ በአንዱ ቦታ ከምንም የማይቆጠር፣ በሌላው ደግሞ 81 በመቶ እጮችን እስከ መያዝ የሚደርስ ነበር። የዚህ መዘበራረቅ አንዱ ምክንያት በኋላ ሲገለጥ የሚያሳዝን ነበር፤ ኔማቶዱ እጩን የሚገድለው ብቻውን ሳይሆን በአንጀቱ ተሸክሞት በሚገባ ባክቴርያ አማካይነት ነው፤ ግላዘር ደግሞ የሚያራባው ነገር እንዳይበላሽበት ብሎ ባክቴርያ በሚገድል መድኃኒት ሲያጸዳው ኖሯል። ጥንቃቄው የኔማቶዱን ዋና መሣሪያ ከእጁ ያስጣለ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ግኝት የወተት በሽታ ነው። በ1933 በመካከለኛው ኒው ጀርዚ ከተቆፈሩት እጮች መካከል ጥቂቶቹ መልካቸው ከሌሎቹ ይልቅ የነጣ ሆነው ተገኙ፤ የጤነኛ እጭ ደም ጥርት ያለ ሲሆን የእነዚህ ግን እግራቸው በመቀስ ሲቆረጥ እንደ ወተት የነጣ ጠብታ ይወጣቸው ነበር። ሳምሶን ደትኪ በ1940 የበሽታውን መንሥኤ ባክቴርያ ገልጾ ስም ሰጠው። ባክቴርያው ግን አንድ ብርቱ ችግር ነበረበት፤ ከሕያው እጭ ውጭ ለጥቅም የሚበቃ ስፖር አያፈራም። ስለዚህ የአምራቾቹ ሥራ ከፋብሪካ ይልቅ ወደ እጅ ጥበብ ያዘነበለ ሆነ፤ ከሜዳ የተቆፈሩ እጮች አንድ በአንድ በቀጭን መርፌ ይወጉ፣ በሽታው እስኪጸናባቸው ድረስ በሣጥን አፈር ውስጥ ይቀመጡ፣ ከዚያም ተፈጭተው ከጠመኔ ዱቄት ጋር ይቀላቀሉ ነበር። ከአንድ በሽተኛ እጭ እስከ ሁለት ቢሊዮን የሚደርስ ስፖር ይገኛል። ዱቄቱ በሣሩ ላይ በሙሉ አይበተንም፤ በየሦስት ሜትሩ ርቀት በማንኪያ ጠብ ይደረግና፣ የታመሙት እጮች ራሳቸው እየተንቀሳቀሱና እየሞቱ ቀሪውን እንዲያዳርሱ ይተዋል። ከ1939 እስከ 1953 ድረስ የፌዴራልና የክፍለ ግዛት መሥሪያ ቤቶች በምሥራቃዊው የአሜሪካ ክፍል በስፋት አሠራጩት፤ በ1948ም በአገሪቱ ሕግ ተመዝግቦ ለገበያ የቀረበ የመጀመሪያው የረቂቅ ተሕዋስያን ፀረ ተባይ ሆነ።

ይህ ዱቄት በአትክልተኞች ዘንድ ያገኘው ዝና ከሚገባው ሳይበልጥ አልቀረም። በኋላ ዘመን የተደረጉ ሙከራዎች ውጤቱ ከቦታ ቦታ እጅግ የሚለያይ መሆኑን አሳይተዋል፤ እጩ ስፖሩን ካልዋጠው አይታመምም፣ አፈሩ ከቀዘቀዘም በሽታው ይዘገያል፣ እጮቹ ጥቂት ከሆኑ ደግሞ የሚያዛምተው አያገኝም። በምሥራቁ ክፍል የጃፓን ጥንዚዛ ቁጥር የቀነሰበትም ምክንያት በሽታው ብቻ ሳይሆን ተርቦቹም፣ ድርቁም፣ ሌሎች የአገሩ ጠላቶችም እንደ ነበሩ መገመት ሳይሻል አይቀርም።

በዚያው ዘመን በብሪታንያ የሽቦ ትል ጉዳይ የጦርነት ጉዳይ ሆነ። ከ1939 ጀምሮ ለዘመናት ሣር የነበረ መሬት ለምግብ እህል ሲታረስ፣ የየቤቱም ግቢ ሣር ተገልብጦ የአትክልት መደብ ሲሆን፣ በሣሩ ሥር ተረጋግተው ይኖሩ የነበሩት የሽቦ ትሎች ሥር ሲያጡ በአዲሱ ድንች ላይ ተረባረቡ። ሊቃውንቱ መሬቱን እየቆፈሩ ትል ቆጠሩ፣ ትል በበዛበትም ጉዳቱን የሚችሉት አተርና ባቄላ ቀድመው እንዲዘሩ መከሩ። ከዚያ ጋሜክሳን በመባል የታወቀው መርዝ መጣና የሽቦ ትሉን ፈጀው፤ በዚያ አፈር የበቀለው ድንች ግን ሲቀቀል የሻገተ ጣዕም ይሰጥ ነበር። የአፈር መርዝ ታሪክ በአንድ ምሳሌ ይነገር ቢባል ከዚህ የተሻለ አይገኝም፤ ድንቹ ከትል ድኖ ለሰው የማይበላ ሆነ። ተከትለው የመጡት ኦልድሪንና ዲልድሪን ደግሞ ሽታና ጣዕም ባለማምጣታቸው ተመረጡ፤ ለረጅም ዓመታት በአፈር ውስጥ ሳይበሰብሱ መቆየታቸውም እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ብልጫ ተቆጠረላቸው።

ራቸል ካርሰን በ1962 ባሳተመችው "ሳይለንት ስፕሪንግ" በተባለው መጽሐፏ ውስጥ በኢሊኖይና በሚሺጋን የጃፓን ጥንዚዛን ለማጥፋት እነዚህ መርዞች ከአውሮፕላን ሲረጩ ወፎችና የቤት ድመቶች እንዴት እንዳለቁ ከተረከች በኋላ፣ የወተት በሽታ ዱቄት እያለ ስለምን አልተሠራበትም ብላ ትጠይቃለች። የተሰጠው ምክንያት ዱቄቱ ዋጋው ውድ፣ ሥራውም ዘገምተኛ ነው የሚል ነበር። ኦልድሪን፣ ዲልድሪንና ክሎርዴን የተባለው ሌላ መርዝ በ2001 በተፈረመውና በ2004 ሥራ ላይ በዋለው የስቶክሆልም ስምምነት እንዲወገዱ ከተወሰነባቸው የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ኬሚካሎች መካከል ነበሩ።

መርዝን በጠቅላላ የተቃወመው የተፈጥሮ ግብርና አስተሳሰብ በአፈር ትል ላይ የያዘው አቋም አንድ ወጥ አልነበረም። በ1924 በኮበርቪትስ ለገበሬዎች ትምህርት የሰጠው ሩዶልፍ ሽታይነር ተባዩ ራሱ ተቃጥሎ አመዱ በማሳው ላይ እንዲበተን፣ ጊዜውም በከዋክብት አቀማመጥ እንዲወሰን ያስተምር ነበር፤ ይህ ከሎዛን ውግዘት ብዙም የራቀ አይመስልም። በሕንድ አገር ከ1905 ጀምሮ የሠራው እንግሊዛዊው አልበርት ሃዋርድ ግን በ1940 በታተመው መጽሐፉ ሌላ መንገድ ያዘ፤ እርሱ ተባይን እንደ መምህር ይቆጥር ነበር፣ ተባይ የበረታበት ተክል አፈሩ ወይም አያያዙ የተበላሸ መሆኑን ይናገራል ይል ነበርና። በኢንዶር ከተማ ያደራጀው፣ የእርሻ ተረፈ ምርትንና እበትን አፈራርቆ በመከመር ብስባሽ የማዘጋጀት ዘዴም የተፈጥሮ ግብርና መሠረት ሆነ። የሃዋርድ ሐሳብ ለአፈር ትል ሲመዘን ግን ግማሹ ብቻ የሚጸና ይመስላል። ብስባሽ የበዛበት አፈር ሻጋታውን፣ ኔማቶዱንና ትል የሚበሉ ነፍሳትን እንደሚያበረክት አይካድም፤ ያልበሰለ እበት ግን እንቁላሏን የምትጥልበትን ለስላሳ አፈር የምትፈልገውን ጥንዚዛ ይጋብዛል፣ የሽቦ ትልም በአሮጌ የሣር መሬት እንጂ በተራቆተ አፈር አይበዛም። ጤነኛ አፈር ለትሉም ጤነኛ ነው።

በ20ኛው መቶ ዘመን የመጨረሻ ሩብ የግላዘር ኔማቶድ ከነባክቴርያው ተመልሶ መጣ። የባክቴርያው ድርሻ ከታወቀና ሁለቱን አንድ ላይ በትልልቅ ጋን ማራባት ከተቻለ በኋላ፣ ኔማቶዶች ለአትክልተኛ የሚሸጡ ሆኑ፤ በስዊዘርላንድና በኦስትሪያ ደግሞ በ1890ዎቹ በፈረንሳይ የከሸፈው ሻጋታ ወገን በተቀቀለ ገብስ ላይ ተዘርቶ፣ ገብሱ በግንቦት ጥንዚዛ በሚጠቃ የተራራ መስክ ውስጥ በመዝሪያ መሣሪያ እንዲቀበር ይደረጋል። ለጓሮ የሚሆነው ኔማቶድ የሚመጣው በትንሽ እሽግ፣ እንደ ሊጥ የላመ ሆኖ ነው፤ የሚቀመጠውም በፍሪጅ ነው፣ ከጥቂት ሳምንታትም በላይ አይቆይም። በውኃ በጥብጠው፣ ፀሐይ ስለሚገድለው ወደ ማታ፣ አፈሩ አስቀድሞ ከራሰ በኋላ በአትክልት ማጠጫ ያፈሱታል፤ አፈሩ ከ12 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች የቀዘቀዘ እንደ ሆነ ኔማቶዱ ይፈዛል።

ውጤቱን የሚያውቁት እንደ ሜችኒኮፍ ቆፍረው በማየት ነው። ሄተሮራብዳይቲስ የተባለው የኔማቶድ ወገን የገባበት ነጭ ትል ከሁለት ቀን በኋላ ይሞታል፤ በውስጡ የሚራባው ባክቴርያም ገላውን እንደ ሸክላ ያቀላዋል፣ በፍጹም ጨለማም ደብዛዛ ብርሃን እንዲሰጥ ያደርገዋል። እንዲህ የቀላ ትል ሲገኝ ለዶሮ አይጣልም፣ ከመደቡም አይወጣም፤ ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ቆዳው ተቀድዶ ከአንዱ ገላ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ኔማቶዶች ስለሚወጡ፣ በተገኘበት ጉድጓድ ተመልሶ አፈር ይለብሳል።